መስኮት የምትዘጋዋ

ጎረቤቴ ባሏ ሌላ ሴት እንደያዘባት የነገረችኝ በጦርነቱ አምስተኛ ወር ላይ ነው። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ከተማው ዙሪያውን ተከቦ ድመት እንኳ ከደጅ መውጣት በተወችበት ጊዜ፣ ያውም ያ ድርቅ ያለ መነፅር ሠሪ፣ ሌላ ሴት ከየት አምጥቶ ነው?

"ከወንዙ ማዶ" አለችኝ። "ልትገድለው የምትፈልገዋ።"

መነፅር ሠሪውና ሚስቱ በር ለበር ጎረቤቶቼ ናቸው። እሱ በወጣትነቱ ወታደር ቤት አልሞ ተኳሽ ነበር፤ ከበባው ሲመጣ የሰፈሩ ኮሚቴ ባለመነፅር ጠመንጃ ሰጠውና ከሕንፃችን አምስተኛ ፎቅ፣ ባለቤቱ ጥሎት በሸሸው የጥርስ ሐኪም ክፍል አስቀመጠው። ሥራው አንድ ነው፤ ከማዶው የጨርቅ ፋብሪካ ሆኖ ውሃ ቀጂዎቻችንን የሚለቅመውን ተኳሽ ማስቀረት። ሚስቱ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ መስመር ስታገናኝ የኖረች ናት። ስልኩ ከተቆረጠ ወዲህ የወሬዋ ደምበኞች እኔና ባሏ ብቻ ሆነናል፤ አብዛኛው ድርሻ የእኔ ነው።

የማዶው ተኳሽ ሴት ናት ያለው ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሱ መነፅር ሠሪው ነው። ከማዶ አንድ ጥይት በመጣ ቁጥር የፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ የብረት መስኮት ሲዘጋ ያያል። ወደዚያው ይተኩሳል፣ ይስታል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ክፍቱን ጥሎት ይሄድ ነበር አለ። ከዚያ ወዲያ "እሷ" ሆነች። ምሳ ላይ እሷ፣ እጁን ሲታጠብ እሷ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል እንደምትቀመጥ ያወራል፣ ያቺ ወሬኛ ሚስቱ እየሰማች። የከፈተችውን ሳትዘጋ አትሄድም ይላል፣ ቁም ሳጥኑንም ድስቱንም ከፍታ ከምትረሳ ሴት አጠገብ ተቀምጦ። እንዲህ እየተናገረ የሚፈራው የማዶውን ጥይት ብቻ ከሆነ ሞኝ ነው።

አንጀቷ አረረ። አንድ ቀን የሚጽፍበትን ደብተር ሰርቃ አመጣችልኝ። "ሰኞ፦ አርፍዳ መጣች። ማክሰኞ፦ አልመጣችም፤ ምን ነክቷት ይሆን?" ይላል። "ምን ነክቷት ይሆን" የሚለውን በጥፍሯ እየወጋች ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። "እኔ ሁለት ሳምንት ታምሜ ስተኛ እንዲህ ብሎ ያውቃል ወይ?" አለችኝ። ደብተሩን ቦታው እንድትመልስ ለመንኳት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየወጣች አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ልትሰልለው ነው። እኔም የምሠራውን ሹራብ ይዤ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ምን በወጣኝ ቤት ብቻዬን እቆዝማለሁ? ከደረጃው መስኮት ወንዙ አይታይም፤ መስታወቱ ስለረገፈ ግን ሁሉም ነገር ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ከማዶ ተተኮሰና ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ጋ የአንዱን ጄሪካን በሳው። ስልከኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱ ሲተኮስም እንደዚሁ። ከዚያ ክንዴን ጨመደደችና "ሁለት ናቸው" አለችኝ።

ጥይቱ የሚጮኸውና መስኮቱ ጓ የሚለው እኩል ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ እየተኮሰ መስኮት አይዘጋም አለች። ቦታውም አንድ አይደለም፤ መስኮቱ ከቀኝ ነው፣ ጥይቱ ከግራ፣ ዝቅ ብሎ። አንዱ በመስኮቱ ዓይን ይስባል፣ ሌላው ከሌላ ቀዳዳ ይተኩሳል። የእኛ ሰው እንግዲህ የገዛ ጠመንጃው እንዳያደነቁረው ጆሮውን በጥጥ ጠቅጥቆ በዓይኑ ብቻ የሚኖር ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ መስኮት ሲደበድብ ከርሟል ማለት ነው።

ሂጂና ንገሪው አልኳት።

"ምን ብዬ? አንተ ስታያት እኔ ሳዳምጣት ሰነበትኩ ልበለው?" አለች። "ራሱ ይድረስባት። ጠባይዋን ሁሉ ያውቀው የለ?"

ሁለት ቀን ዋጠችው። እኔም አብሬያት ዋጥኩት፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መነፅር ሠሪው ጆሮውን በመሀረብ ይዞ፣ ደሙ በአንገቱ እየወረደ መጣ። ጥይቱ የጆሮውን ጫፍ ቆርሶት ሄዷል። እኔን የገረመኝ ፊቱ ነው። ፈገግ ብሏል።

"አየችኝ" አለ።

ስልከኛዋ መሀረቡን ነጠቀችው። ጆሮውን እየጠቀለለች የምታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችለት። ፈገግታው ጠፋ። መቼ ነው ያወቅሽው አላት። ከትናንት ወዲያ አለችው። መሀረቡን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አሰረው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ጣለና ይዟት ወጣ። የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ከጥርስ ማከሚያው ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተኙ። ታች የኮሚቴው ሰዎች በእንጨት ላይ ያንጠለጠሉትን ካፖርት ወደ ቧንቧው ብቅ አደረጉ። ከማዶ ተተኮሰ፣ መስኮቱም ጓ አለ። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች የባሏን ክንድ ወደ ግራ ገፋችው፤ ከዚያ ዝቅ፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ። የዝናብ ውሃ መውረጃው አጠገብ ጡብ የወለቀበት ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ አንድ ነገር ሲነቃነቅ አየ፤ ተኮሰ።

ከዚያ ጠመንጃውን ለቀቀና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እጁ አልታዘዝ አለው።

"መስኮቱን እይልኝ" አላት። "ወንድ ከሆነ ጠመንጃውን ወርሶ ነገ ይቀጥላል፤ ዛሬውኑ መጨረስ አለብኝ። እሷ ከሆነች ግን..." አልጨረሰውም።

ስልከኛዋ በጠመንጃው መነፅር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የብረቱ መስኮት ቀስ ብሎ ተከፈተ። ብቅ ያለው ሽማግሌ ነው፤ ጠጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ የዘበኛ ካፖርት የደረበ። እጁ ባዶ ነው። ወደ ቀዳዳው በኩል አንገቱን አስግጎ ሰው ይጠራል። አፉ ሲከፈት ሲዘጋ ታየዋለች፤ ያ ሁሉ የሚሰማ ጆሮዋ ግን የሚጠራውን ስም አልሰማም። መልስ ሲያጣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ሴት ናት" አለችው ለባሏ። "ባዶ እጇን ናት፤ ተዋት።"

ተዋት። እሷ ግን ሽማግሌው ጠመንጃውን አንሥቶ ቢሆንስ እያለች አንድ ሳምንት ሙሉ ቧንቧው ጋ ሰው በሄደ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ ሰነበተች። ምንም አልተተኮሰም።

በሳምንቱ ከእነሱ ጋር ምሳ ስበላ መነፅር ሠሪው ሳህኑን እያየ፣ እንደ ዘበት አድርጎ፣ የማዶዋ ሴት ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቃት። ስልከኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ካፖርት" አለችው። "የወንድ ካፖርት። አያምርባትም።"

"ልጅ እግር ናት?"

"አርጅታለች። በጣም አርጅታለች።"

እሱ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀና መብላቱን ቀጠለ። እሷ ተነሥታ ኩሽና ገባች፤ ስከተላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። እሱ እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ገብታ ያለችኝ ይህን ነው፤

"ልጅ እግር ናት ወይ ሲለኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ አየሽልኝ?"