የአምቡሊው የምስጥ እርሻ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 ነው። ጅቡቲ ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምረው ሱሪያ ምሳ ላይ ለአባቷ ስለ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ታወራለች። የመማሪያ መጽሐፉ እንደሚለው፣ እነዚህ የደቡብ አሜሪካ ጉንዳኖች ቅጠል እየቆረጡ ወደ ጉድጓዳቸው ያጓጉዛሉ፤ ቅጠሉን ግን አይበሉትም። አኝከው ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ የሚመገቡት ያንን ፈንገስ ነው። ፈንገሱም ያለ እነሱ አይኖርም።

አባቷ አብዱልፈታሕ ከድሬዳዋ መጥተው ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። ሳቁባት። ጉንዳን ስኳር ሲሰርቅ እንጂ ሲያርስ አላየሁም አሉ። ሱሪያ ከፋት። ተማሪዎቿም በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ ወይ ሲሏት፣ አላየሁም ብላቸው ነበር።

በሳምንቱ አብዱልፈታሕ ከከተማው ዳር አምቡሊ ያለችውን የአትክልት ቦታቸውን አጥር ሊያሠሩ ግንበኛ ቀጠሩ። ግንበኛው ባሺር መሠረት ሲቆፍር የምስጥ ቤት ወጣ። ላምባ ደፍቶ ሊያቃጥለው ሲል አብዱልፈታሕ ጎንበስ ብለው አዩ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ግራጫ ነገር አለ፤ በላዩ ላይ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነዋል። የልጃቸው የምሳ ወሬ ትዝ ብሏቸው ባሺርን ተው አሉት። አንድ ቁራጭ በቀስታ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተው፣ የእጃቸውን አፈር እንኳ ሳይታጠቡ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የምታስተምርበትን ክፍል በር አንኳኩተው ሲገቡ ሱሪያ እቤት ሰው የታመመ መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ቆርቆሮውን ጠረጴዛዋ ላይ ከፈቱት።

«ያልሽው ነገር ይኼ አይደለም?»

ሱሪያ ቁራጩን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ከዚያ ይህ ጉንዳን ሳይሆን ምስጥ መሆኑን፣ ይህ ዓይነቱ ምስጥም ደረቅ ቅጠልና እንጨት አኝኮ እንዲሁ ፈንገስ እንደሚያለማ፣ ነጫጮቹ ፍሬዎችም ያ ፈንገስ እንደሆኑ ለተማሪዎቹ ነገረቻቸው። አብዱልፈታሕ ለደንበኛ ጨርቅ እንደሚያሳዩ ሁሉ ቆርቆሮውን በየወንበሩ አዞሩት። አንዷ ተማሪ ፈንገሱ ቢሞት ምስጦቹ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀች።

«በረሃብ ያልቃሉ» አለች ሱሪያ።

የአብዱልፈታሕ ፈገግታ ጠፋ። ቆርቆሮውን ከድነው ወደ ቦታው ልመልሰው ብለው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ አብረው አምቡሊ ሄዱ፤ ቁራጩን መልሰው ጉድጓዱን በአፈር ሸፈኑት። አጥሩ የምስጡን ቤት ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። ባሺር አጥሩ ጎበጠብኝ እያለ ቢያጉረመርምም የሰማው የለም። አብዱልፈታሕ የገበያ ጎረቤቶቻቸውን እየወሰዱ፣ ያስተማረችኝ ልጄ ናት እያሉ ያሳዩ ጀመር። ዝናብ ጥሎ በቦታው ከምስጦቹ ፈንገስ የበቀሉ ነጫጭ እንጉዳዮች ብቅ ሲሉ ደግሞ፣ ሱሪያ ተማሪዎቿን በሙሉ ይዛ መጣች።