እትዬ ሀፍሷ ያጣጣሉት መኪና

ሀጂ ሙራድ እንደሚናገሩት፣ ማክሰኞ ዕለት እህታቸው ሀፍሷ ሾውሩማችን ገብታ፣ ቀዩን የስፖርት መኪና ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ተነስታ፣ «ይሄ ድንጋይ ነው። ሁለት ሞተርስ ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ?» ብላለች። እሳቸው አጠገቧ ቆመው ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ።

እትዬ ሀፍሷ እንደሚናገሩት ደግሞ፣ ማክሰኞ ዕለት ያዩትን መኪና ያህል በሕይወታቸው የወደዱት ዕቃ የለም፤ መውደዳቸውንም መርካቶ ውስጥ ማንም በሚገባው መንገድ ተናግረዋል።

ከሁለቱ የዋሸ የለም። ይህን ለመረዳት እስከ ዓርብ ፈጀብኝ፤ እስከዚያ ግን ቅጹን ሞልቼ ጨርሼ ነበር።

የምሠራው ጋሽ አለሙ ዘንድ ነው። ጋሽ አለሙ ሠላሳ ዓመት መለዋወጫ የሸጡ ሰው ናቸው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ከአንዋር መስጊድ ዝቅ ብሎ ባለ ሕንጻ ታችኛው ወለል ላይ ከቻይና የኤሌክትሪክ መኪና እያስመጡ ይሸጣሉ። እኔ ማርኬቲንግ ተምሬ የተቀጠርኩት ቅጽ ለመሙላት ነው። ደንበኛው ሞተሩንና ወንበሩን ይመርጣል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ፋብሪካው በተጻፈው መሠረት ይሠራል። አንዴ ከተላከ ማረም የለም።

ቀዩ መኪና ለናሙና የመጣ ነው፤ ሁለት በርና ሁለት መቀመጫ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ የሚመስል። የሚፈልግ ሰው ከሁለት ዓይነት አንዱን መምረጥ አለበት። ባለአንድ ሞተሩ ከምቾት ጥቅሉ ጋር ይመጣል፦ ወገብ የሚያሽ ወንበር፣ የሚቀዘቅዝና የሚሞቅ መቀመጫ፣ ለስላሳ ሞላ፣ የመስታወት ጣሪያ። ባለሁለት ሞተሩ፣ ማለትም ናሙናው፣ ይህ ሁሉ የለውም። ክብደት ይቀንሳል ተብሎ ወንበሩ ስስና ደረቅ ነው፣ ሞላውም ጠንካራ ነው፤ ሲረግጡት ግን አንገት ወደ ኋላ ይጥላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ስጡኝ ቢሉ ፋብሪካው አይሰጥም።

እትዬ ሀፍሷ የመጋረጃና የአንሶላ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ሃያ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በነዚህ ዓመታት ሁሉ የባላቸውን ፒክአፕ ራሳቸው እየነዱ ጨርቅ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ባለፈው ዓመት የወገብ ዲስካቸው ተንሸራቶ ሁለት ወር ተኝተዋል።

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ሲገቡ ቀለሙን አይተው «በርበሬ በረንዳ ነክራችሁት ነው የመጣችሁት?» አሉ። ኮፋኖውን በጣታቸው ቆረቆሩና «ቆርቆሮ» አሉ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «ድንጋይ» አሉ። ስለ ሁለቱ ሞተሮች ሳስረዳቸው «ምን ሊያደርግልኝ? ላርስበት ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ቤት የሚተከለውን ቻርጀር ከነተከላው ትጨምሩልኛላችሁ አይደል?» ሲሉ ጠየቁ። ለብቻው እንደሚሸጥ ነገርኳቸው። «ለዚህ ቆርቆሮ!» ብለው ወጡ።

ሀጂ ሙራድ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ ሀጂ።»

«በል፣ መኪና መግዛቷ ካልቀረ ባለአንድ ሞተሩን፣ ባለምቾቱን ጻፍላት። ወገቧን ታማለች። ቀለሙም ብርማ ይሁን።»

ጻፍኩ። ቀለሙን እንኳን እትዬ ሀፍሷን መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሱም፤ ሦስተኛ አልደወልኩም። ሐሙስ ማታ ፕሮፎርማውን በቴሌግራም ላክሁላቸው። መልስ አልሰጡኝም።

ዓርብ ከጁምአ በኋላ፣ ሰው ስጋጃውን እየጠቀለለ መንገዱን ሳይለቅ፣ በሕዝቡ መሐል ሰንጥቀው ገቡ። ስልካቸውን ፊቴ ላይ ደቀኑት።

«ብሩክ፣ ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ማን አዘዘህ?»

«እርስዎ ማክሰኞ ወንበሩ ድንጋይ ነው ሲሉ...»

ተቆጥተው አልነበረም ያዩኝ፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ነበር ያዩኝ።

«የት ሰፈር ነው ያደግከው?»

«ሲኤምሲ።»

«እሺ፣ አልፈርድብህም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስማኝ። የማልፈልገውን ዕቃ ቆንጆ ነው ብዬ ነው ጥዬው የምሄደው። የምፈልገውን ነው የምሰድበው። አንድ ሰው ሱቄ ገብቶ ጨርቁን ሲያሞግስልኝ ከመቀመጫዬ አልነሳም፤ አይገዛማ። ‹ይሄማ ለአህያ ጀርባ ነው› ካለ ግን ሜትሬን አነሳለሁ። ያንን መኪና ስንት ጊዜ ሰደብኩት?»

ቆጠርኩ። «አምስት ጊዜ።»

«እኮ! ቻርጀሩን አስጨምረህልኝ ትመለሳለህ ብዬ ስጠብቅህ፣ ብርማ ጻፍክልኝ።»

ሰዓቱ ከስምንት አልፏል። ትዕዛዙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይላካል። ይህ ካመለጠ ቀጣዩ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ መኪናው ለአረፋ አይደርስም። የስልጤና የጉራጌ ነጋዴ ለአረፋ አገሩ ሲገባ መርካቶ ግማሹ ባዶ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። እትዬ ሀፍሷ መኪናውን የፈለጉት ለዚያ ጉዞ ነበር። ቅጹን ማረም ለእኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ።

«እንኳን ደስ አለሽ ሀፊ!» አሉ ሀጂ ሙራድ፤ ከመስጊድ አብረዋቸው የወጡ ሦስት ነጋዴዎችን አስከትለዋል። «መኪናዋን ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«የትኛዋን? አንተ የገዛኸውን?»

«አንቺ ያልሽውን ነው ያስጻፍኩት። ድንጋይ ነው አላልሽም?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ነግደህ ይሄ ይጠፋሃል?»

ሀጂ ወደ ነጋዴዎቹ ገልመጥ አሉ። እንዳልጠፋቸው ያኔ ገባኝ፤ እሳቸውም አልካዱም።

«አልጠፋኝም» አሉ ድምጻቸውን ቀንሰው። «ግን ጥቁር አንበሳ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። በቃሬዛ ስትወጪ እግርሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ወንበር ይሰብርሻል። ደግሞ መርካቶ ውስጥ በሁለት ሞተር የት ልትደርሺ? ከጋሪ ኋላ ነው የምትቆሚው።»

«መርካቶ ልነዳው አይደለም። ለአረፋ ነው።»

«አገር ቤትስ ምን ይላል? የልጅ ልጅ ያላት ሴት፣ በሁለት ሰው መኪና?»

«ይበል! ስንት ዓመት ሲል ከርሟል።»

ከነጋዴዎቹ አንዱ ሳቀ። እትዬ ሀፍሷ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተም በአረፋ መንገድ አልፈኸኛል። መልካ ቁንጥሬ ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የማያልፈኝ አለ? የሁላችሁንም ፍራሽና ስኳር እኔ ፒክአፕ ላይ ትጭናላችሁ፤ ከዚያ ባዶ መኪናችሁን ይዛችሁ ታልፉኛላችሁ። ሙራድማ ክላክስ እያደረገ ነው የሚያልፈኝ።»

«ሰላም ማለቴ ነበር እኮ!» አሉ ሀጂ።

«ሃያ አንድ ዓመት ሰላም አልከኝ።»

ለሁለቱም የሚሆን ነገር ካለ ብዬ ገባሁበት። «እትዬ፣ ከመወሰንዎ በፊት ናሙናው ላይ ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ። ማክሰኞ የተቀመጡት ለግማሽ ደቂቃ ነው። ወገብዎ ራሱ ይናገር።» ሀጂ ሙራድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። እትዬ ሀፍሷም አልተቃወሙም፤ ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ገቡ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሪውን ይዘው ሲስቁ ነበር። በአሥረኛው ደቂቃ ሳቁ ቀረ። በአሥራ አምስተኛው ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ፤ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ሥር ከተቱ። «ይበቃል» አልኳቸው። «ሃያ ብለሃል» አሉኝ። ሃያው ሲሞላ በሩን ጨብጠው፣ መጀመሪያ አንድ እግራቸውን ከዚያ ሌላውን አውጥተው፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሕመሙን አልደበቁትም።

«አየሽ?» አሉ ሀጂ። በድል አልነበረም፤ ደንግጠው ነበር።

«አየሁ። ያማል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ፒክአፑም ያመኛል፣ ሙራድ። ቤት ፍራሽ ላይ ስተኛም ያመኛል። ያ የሚያሸው ወንበርም አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ ያመኛል። ታዲያ እያመመኝ ወደ ኋላ ልቅር?»

ሀጂ ወንበር ስበው አቀረቡላቸው።

ጋሽ አለሙ ጫጫታውን ሰምተው ከፎቅ ወረዱ። ጎጃም በረንዳ ከዕቃ ጫኝነት ተነስተው የገበያን ጠባይ ያወቁ ሰው ናቸው። ማክሰኞ የሆነውን ስነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «ይህን ያህል ከሰደበችው ገዝታዋለች። ከተመለሰች ቻርጀሩን ጨምርላት» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ቀልድ መስሎኝ አልፌው ነበር። ከዚያ ቀጥለው ግን፣ «‹እፈልገዋለሁ› ካለች እንዳትጨምር። የወደደ ሰው ከነዋጋው ነው የሚወስድ» አሉኝ። ይህን እትዬ ሀፍሷ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

«እህቴ ሀፍሷ፣ ምን ወሰንሽ?» አሉ ጋሽ አለሙ። «ማክሰኞ ‹ድንጋይ› ብለሽ እንደሄድሽ ነው የሰማሁት።»

እትዬ ሀፍሷ በልማድ አፋቸውን ከፈቱ። «ጋሽ አለሙ፣ ይሄ ቆርቆሮ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

ምን እንዳስቆማቸው በቦታው የነበርን ሁሉ ገብቶናል። መኪናውን ካጣጣሉት ሀጂ ሙራድ «ይኸው ሰማችሁ፣ አትፈልገውም» ይላሉ፤ ምስክርም ይዘው መጥተዋል። ካሞገሱት ደግሞ ጋሽ አለሙ ፊት እጅ ሰጡ ማለት ነው፤ ቻርጀሩ ቀረ፣ በነጋታውም ከጣና ገበያ እስከ ሲኒማ ራስ «ሀፍሷ ሻጭ ፊት ወደድኩ አለች» እየተባለ ይሳቅባቸዋል። ሠላሳ ዓመት በነገዱበት ገበያ አንድም ቀን ያላሉት ቃል ነው።

ሰዓቱ ዘጠኝ ሊል ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሀጂ ሙራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተዋት፣ አለሙ። እሷ ይሉኝታ ይዟት ነው። ያስጻፍኩት ይላክ።»

«ቆይ» አሉ እትዬ ሀፍሷ።

ጁምአ ሰግደው የሚያልፉ ሰዎች እንደ ወትሮው ቀዩን መኪና ለማየት መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። እትዬ ሀፍሷ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ እንዳደረጉ ሄደው የመስታወቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። የውጪው ጫጫታ ገባ። ሻርፓቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ ጋሽ አለሙን ሳይሆን በር ላይ የቆሙትን እያዩ፣ ጨርቅ ሲሸጡ ዋጋ በሚጠሩበት ድምጽ ተናገሩ፦

«ስሙኝ! ይሄን መኪና ወድጄዋለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጋሽ አለሙ፣ ቻርጀርዎን ያስቀምጡት፣ በዋጋው እገዛዋለሁ። ሙራድ፣ ወገቡ የእኔ ነው። ብሩክ፣ የጻፍከውን ሰርዝና እንደምልህ ጻፍ፦ ቀይ፣ ባለሁለት ሞተሩን!»