ቢራውን ያቀመሰችው አማት

የልጄን የይታየሽን የሠርግ ቀን ደጋግሜ አስተላልፌአለሁ። አንዴ ዝናብ ፈርቼ፣ አንዴ አንበጣ፣ አንዴም የምፈራውን ሳላውቀው። በመጨረሻ የሙሽራው አባት የኔታ ወልደ ሐዋርያት፣ «ጥቅምት ሳያልቅ እመጣለሁ፤ ያን ዕለት ቀን ካልተቆረጠልኝ ለልጄ ሌላ አጭለታለሁ» ብለው ላኩብን።

ሙሽራው ብዙነህ ደሴ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው። ለአባቱ መስተንግዶ እንዲሆን አንድ ሣጥን ቢራ እስከ ኮረም በመኪና፣ ከኮረም ሰቆጣ በበቅሎ አስጭኖ ሰደደልን። እኔም ደሴ ተምሬአለሁና ቢራ አይቻለሁ፤ ቀምሼ ግን አላውቅም። ጠርሙሱ ፈንድቶ የየኔታን ዓይን ሲያጠፋ እየታየኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጓዳ አስቀመጥኩት።

የኔታ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መጥተው ሲቀመጡ፣ ባለቤቴ ምንዋጋው ጠርሙሶቹን በቢላዋ ጀርባ እየከፈተ ሰጠኝ።

«ከመዳፍሽ ሳትቀምሺ እንዳትቀጂ! መርዝ አለበት ይበሉን?»

«ክዳኑ እኮ የፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካውን ማን ያውቀዋል? ደግሞ ጠላ ከአንድ ጋን ስለሚቀዳ አንዴ ቢቀመስ ይበቃል። ይሄ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ሁሉንም ቅመሽ!»

መርዝ ሲባልማ ማን ይከራከራል? መዳፌ ላይ አፈሰስኩ፤ አረፋ ብቻ ሆነ። አረፋ ቅምሻ አይባልምና ደገምኩ። ቀጠን ያለ ነው፤ እንደ ጠላ ጌሾው አይጮህም፤ ምላስን ኮርኩሮ መጨረሻው ላይ ብቻ መረር ይላል። ቀጣዩንም ጠርሙስ እንዲሁ አደረግሁ። የሽማግሌዎቹንም አንድ በአንድ።

ከዳቦና ከማር ጋር አቀረብኩላቸው። የኔታ ማሩን በልተው ቢራውን ሲያስከትሉ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ኧረ ይሄ ሬት ነው!»

«ማሩን ይተዉት፣ የኔታ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ይሰማኛል፤ ዝቅ አልል አለኝ እንጂ። «የገብስ ቆሎ ይያዙበት፤ ሁለቱም ከገብስ ናቸው፣ አይጣሉም። ከዚያ የበግ ጥብስ በአዋዜ! ቢራው የአዋዜውን ቃጠሎ ያጠፋዋል፣ ስቡንም ከአፍ ጠርጎ ይወስደዋል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ይሄ ዕውቀት?» አለ ምንዋጋው ደንግጦ።

«ከመጀመሪያው ጠርሙስ ወዲህ!»

ከጓዳ ሲመጣላቸው የኔታ ቆሎውን ቆረጠሙ፣ ተጎነጩ፣ ጥብሱን አነሱ፣ ደገሙ። ፂማቸው አረፋ እንደያዘ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ እንግዲህ ቀኑስ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የተደበቀችው ይታየሽ ጠጋ ስትል ሰማኋት። የምፈራውን ነገር ፈለግሁ፤ እንደ ወትሮው ተሰልፎ የሚጠብቀኝ አልነበረም።

«ጥር ነዋ! የአስተርዮ ማርያም ማግስት! ምን ይመጣል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«አሜን በሉ፣ ቶሎ! ሴትዮዋ ወደ ልቧ ሳትመለስ!»

ከመጋረጃው ጀርባ የመጣው አሜን ከሁሉም ቀደመ።