አንድ ሰው የቀረው

ሚጡ የሻይ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ከኩሽና ልትወጣ ስትል የአክስቷን ሹክሹክታ ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። አክስትየው አጠገቧ ለተቀመጠች ጎረቤት የሟቹን ነገር ታወራለች። ምንም ቢሆን ተመልሶ፣ ሰው ሆኖ ነው የሞተው እያለች ነው፤ ያኔ በክፉው ጊዜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ እናቱ በምን ትጽናና ነበር? አክስትየው ክፋት የለባትም፤ ማጽናናቷ ነው። ሚጡን ግን ነገሩ እንደ ጠባብ ጫማ ቆነጠጣት። ትሪውን ይዛ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ።

ሟቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጥይት» ይለው ነበር። ስሙ መጀመሪያ የወጣለት በጠቡ ነው፤ ከቃሉ ቡጢው ይቀድም ነበርና። በኋላ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ የመንገዱን ፌርማታዎች በአንድ ትንፋሽ ሲደረድር፣ ስሙ ከእጁ ወደ አፉ ተዛወረ።

ቤቱ ጠባብ ነው። የእናትየው የስፌት መኪና ጨርቅ ለብሶ ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፤ በቦታው ከጸሎት ቤት የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። እናትየው ጥጉ ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ «እናንተም ኑሩልን» ትላለች። ከቀብሩ ወዲህ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም፤ እንባዋም ደርቋል።

ጥይትን አንድ ጊዜ ከቤት ያባረረችው እሷው ራሷ ነበረች። ጠጥቶ፣ ተደባድቦ፣ ፊቱ ደም ለብሶ የመጣ ቀን ልብሱን በፌስታል ጠቅልላ ደጅ አስቀመጠችና በሩን ቆለፈችው። ከዓመት በላይ አልተያዩም። ሚጡ በዚያን ጊዜ ፀጉር ቤት እየሠራች፣ ከሥራ ስትወጣ ጊታር ትማር፣ እሁድ እሁድ በጸሎት ቤቱ ትዘምር ነበር። አንድ እሁድ ብቻዋን ቆማ ስትዘምር ዓይኗ ወደ ኋለኛው ወንበር ሄደ። ጥይት በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንድ እጁ እንደ ልማዱ በሩን ይዟል። መዝሙሩን ግን አላቋረጠችም።

ሕዝቡ ሲወጣ ደጅ ጠበቃት። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብላ ነበር።

«ሚጡዬ፣ ድምፅሽ ማር ነው» አላት። «ግን እኛ መኪና ላይ ያለው ሰው ማር የሚልስበት ጊዜ የለውም። ቆሞ ነው የሚሄደው።»

«እና ምን ላድርግለት?»

«ቆሞ የሚሰማው እንሥራለት።»

በዚያው ቀን ይዛው ቤት ገባች። እናትየው አላቀፈችውም፣ አልተቆጣችውምም፤ ዝም ብላ ሳህን ጨመረች። በማግስቱ ለሥራ ሲወጣ ግን ምሳውን ቋጥራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ወንድምና እህት ከጓሮ ተቀምጠው ሥራቸውን ጀመሩ። ሚጡ ጊታሩን በቀስታ ስታንቆረቁር፣ እሱ ደረቱን እየመታ ግጥሙን በላዩ ላይ ያንደረድረዋል። የእሷ አዝማች ለስለስ ያለ ነው። የእሱ ራፕ ያው የረዳት ጥሪ ነው፤ የሚጠራበት ቦታ ብቻ ተለውጧል። የመዘምራኑ መሪ ሰምቷቸው «በጸሎት እንየው» አለ፤ በዚያ ጸሎት ቤት ይህ «አይሆንም» ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። እናትየውም ብትሆን፣ ጌታን የሚያመሰግን ሰው ማን አባርሮት ነው እንዲህ የሚሮጠው ብላ ነበር። እነሱ ግን የአንድ ጓደኛቸውን ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍነው መዝሙሩን ቀዱት። ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። አንዲት የፀጉር ቤት ደንበኛ ማን እንደዘመረው ሳታውቅ፣ «ይቺን ስሚልኝ» ብላ ለራሷ ለሚጡ አሰማቻት። ወጣቶቹ መሪውን ወጥረው ያዙት፤ በትልቁ ጉባኤ እንዲዘምሩ ተፈቀደላቸው። ጉባኤው ሊደርስ ሲል ጥይት ሞተ።

ሻዩ ገና ሳይጠጣ ሹፌሩ ገባ። ከጥይት ጋር በአንድ መኪና የሠራ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሰው ፊት ማውራት የሚያፍር ሰው ነው። ወንበር ቢሰጡትም እናትየው ፊት ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ የዚያን ቀን ነገር ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል» አለ። ጥይት በሩን ከፍቶ እየተጣራ ሳለ ድምፁ መሃል ላይ ቀረ፤ ልቡ ነው። ወደ ውጭ ሳይወድቅ ተሳፋሪ ጎትቶ አስገባው። «መኪናው ሙሉ ነበር። ሳልጠይቅ ወደ ሆስፒታል አዞርኩት። ሁሉም ሥራ የሚረፍድበት ሰው ነው። ግን እማማ፣ ‹ወራጅ አለ› ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እስከ በሩ ድረስ አብረውት ሄዱ።»

እናትየው ቀና ብላ አየችው። «ማን ይዞት ነበር?»

«አንዲት ሴትዮ። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። እየጸለየችለት።»

«እግዜር ይስጣት» አለች፤ ደርቆ የከረመው እንባዋም ያን ጊዜ ወረደ። ሚጡ አጠገቧ ተንበረከከች።

ሹፌሩ ገና ሳይነሳ የመዘምራኑ መሪ መጣ። መነጽሩን እያስተካከለ ስለ ጽናት ትንሽ ተናገረና ወደ ሚጡ ዞረ።

«ልጄ፣ ከጉባኤው አትቅሪ። አዝማቹን ብቻ በጊታርሽ ዘምሪው። የፈጠነው ክፍል ይቅር፤ ላንቺም ይቀልሻል።»

ሚጡ ይህን ስትጠብቅ እንደነበረች ሁሉ መልሱ አፏ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ አልዘምርም። ጊታሩንም ይውሰዱት፤ ልጆች ይማሩበት።»

 አክስትየው የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሙሉውን ትዘምራለች» አለች እናትየው።

ሁሉም ዞረ። ሚጡ በቀስታ፣ «እማ፣ የእሱን ክፍል ማን ይላል? ያለ እሱ ግማሽ ነው» አለቻት።

«ማን አስጠናው መሰለሽ?»

እናትየው ፊቷን ጠርጋ ነገረቻቸው። ሚጡ ፀጉር ቤት ስትውል፣ ጥይት መኪናቸው ተራ እስኪደርሰው ወደ ቤት ብቅ ይል ነበር። ስፌት መኪናው ሥር ይቀመጥና «እማ፣ አታቁሚ፣ ረገጥ አድርጊ» ይላታል። እሷ መኪናውን ትረግጣለች፣ እሱ ግጥሙን ይረግጣል። ክር ሲበጠስባት ቆሞ ይጠብቃታል። ሥራ አስፈታኸኝ እያለች ትነጫነጭ ነበር፤ ቃሉ ግን አንድ በአንድ ተሰፍቶባት ቀርቷል። ከዚያም ግጥሙን፣ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው፣ ሳትቸኩል አለችው፦

«አንድ ሰው የቀረው፣ ና ግባ፣ ቦታ አለ፤
በሩን የያዘው ጌታ እጁ መቼ ዛለ?
ኪስህን አትዳብስ፣ ሂሳብህ ተከፍሏል፤
ከዳር የቆምከው ሰው፣ ስምህ ተጠርቷል።»

ሹፌሩ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ያቺ የአክስትየው ጎረቤት «አሜን» አለች፣ ጸሎት መስሏት። መሪው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። በፍጥነቱ ተናድጄ ቃሉን ሳልሰማው ኖሬያለሁ ብሎ ሳያፍር ተናገረ። ሙሉው ይዘመር አለ። ጊታሩንም ሳይነካ ወጣ።

ሰው ሳሳ ሲል፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሚጡ ጊታሩን ይዛ በስፌት መኪናው ፊት ለፊት ተቀመጠች። አዝማቹን እንደ ወትሮዋ ዘመረችው፤ ድምጿ ቢሻክርም ወጣላት። ወደ ወንድሟ ክፍል ስትገባ ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ድምፅ መዘርጋት እንጂ ቃል ማስሮጥ አልለመደችም። እንደገና ሞከረች፣ እዚያው ወደቀች። የእሱ ሳንባ ከምን ተሠርቶ ነበር ብላ ሳታስበው ሳቀች፤ መሳቋ ራሷን አስደነገጣት።

«ቃሉን ትችይዋለሽ» አለች እናትየው። «የማትችይው መተንፈሻውን ነው። እሱ ስንኙ እስኪያልቅ አይጠብቅም ነበር፤ ‹ና ግባ› ብሎ ትንፋሽ ይሰርቅ ነበር፣ ሰው ሳያውቅበት።»

«አንቺ በምን አወቅሽበት?»

እናትየው ተነሳች። ወንበሯን ስባ ከልጇ ጀርባ ተቀመጠችና መዳፏን በትከሻዎቿ መካከል አሳረፈች። ሚጡ ጊታሩን መታች፣ ጀመረች። የእናቷ እጅ ጀርባዋ ላይ ዝም ብሎ ቆየ፤ መተንፈሻው ሲደርስ፣ ትንሽ ጫን አለ።

ሚጡ ተነፈሰች፣ ቀጠለችም።