ባየው ምን ይዞ መጣ

ድንኳኑስ ቆሟል፣ በሬውም ጎህ ሲቀድ ታርዷል፣ ወንበሩንም ዕድሩ ለቆልናል፣ ታዲያ ይኼ ልብ ምን ሆኖ ነው እንደ ጥጃ የሚፈነጥዘው፣ ባየው ደብረ ብርሃን ከእማማ አልታየች ግቢ በር ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እሱን ግን ያልበዋል። አርባ ዓመት። አርባ! የቤቱ ባለቤት እማማ አልታየች እንኳ አፈር ከቀመሱ ስንት ጊዜያቸው፣ ቤቱ ግን ይኸው፣ በግራ የወንዶቹ ክፍል፣ በቀኝ የሴቶቹ፣ መሃል ላይ ሁሉም ከአንድ የስንቅ ሳጥን የሚበሉባት ሳሎን፣ ከአንኮበር ለትምህርት የመጣ ልጅ ሁሉ ወንድምና እህት ሆኖ ያደገባት።

ማነው ታዲያ ከያገሩ የሰበሰባቸው? ኮሚቴው? አዬ ኮሚቴ! ፍሥሐ፣ የዛሬው ዳኛ ፍሥሐ፣ የምሥረታችንን አርባኛ ዓመት በደመቀ ሁኔታ ለማክበር ይቻል ዘንድ ብሎ ቴሌግራም ላይ ጻፈና ሁለት ወር ተኛ፣ ማነው ማስታወቂያ አንብቦ የሚመጣ፣ ባየው ነው እንጂ በድምፅ መልእክት እየጮኸ አንድ በአንድ ያስነሳቸው፣ አንተ ድርቆሽ፣ ክራቫት አሰርኩ ብለህ ድርቆሽነትህ የቀረ መሰለህ? አንቺ ዳቦ ቆሎ፣ የሰው ዓይን ማከሙን ለአንድ ቀን ተይውና ነይ፣ እኛንም እዪን! ገብረአብ ከሐዋሳ፣ ሥራ አለብኝ ጋሼ አለው፣ ጋሼ! የክፍል ጓደኛው! በአንድ ብርድ ልብስ ስታንኮራፋብኝ ከርመህ ዛሬ ጋሼ ትለኛለህ፣ አንተ ሽበታም፣ ና ብዬሃለሁ ና። መጣ። ሁሉም መጡ። ይኸው መኪናቸው ሰፈሩን ዘግቶታል፣ አንዱ ወፍሯል፣ አንዱ ተመልጧል፣ አንዷ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ መነጽሬን ትላለች፣ ባየው በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ይለክፋል፣ ሆድህን አስቀድመህ ልከህ አንተ የት ቀረህ፣ ሳቅ ነው፣ እቅፍ ነው፣ እሰይ፣ እሰይ ባየው።

እና ምንድነው የሚያልብህ?

ደብተሯ ነች። የዓይን ሐኪሟ ደመቀች፣ ያኔም ስም ጠሪያቸው፣ ይዛት መጥታለች፣ አይቷታል፣ ያችው ሰማያዊ ልባሷ የተላጠ፣ ስም ልትጠራባት። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፣ ስም ሲጠራ አቤት አይባልም፣ የያዙት ስንቅ ነው የሚባለው፣ ፍሥሐ፣ ድርቆሽ! ደመቀች፣ ዳቦ ቆሎ! ባዶ እጁን የመጣ ደጅ ይቆማል፣ ከውስጥ አንዱ አዝኖ ወጥቶ ከራሱ ጭብጥ አድርጎ እስኪሰጠው ድረስ ደፉን አይረግጥም። ባየውም የዚያች ደብተር ልጅ ነበር፣ የገብስ ቆሎ፣ አሥረኛን ሲያጋምስ አባቱ ሞቱና እርሻው ጠራው፣ አገሩ ገባ፣ ምን ያድርግ፣ ግን በሳምንቱ ቅዳሜ ቡላ የሚላትን በቅሎውን ጭኖ የሁሉንም እናት ስንቅ ሰብስቦ ይኼን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ደረሰ፣ በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም፣ እነሱ እስኪጨርሱ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ጭነቱን አራግፎ ቀና ሲል ደብተሯን ከሚስማሯ ወርዳ ሳጥኑ ላይ ተከፍታ አያት። ባየው። ስሙ ላይ ቀይ እስክሪብቶ። ትምህርት ያቆመ ይሰረዛል፣ ሕግ ነው፣ ለማንም አልተናገረም፣ ቡላን ውኃ አጠጣና ተመለሰ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለሚስቱም አልነገራት።

ዛሬ ትጠራው ይሆን? ካልጠራችው ምንድነው? ድንኳን ተካይ፣ ወንበር አመላላሽ፣ ባለውለታችን ብለው አጨብጭበው ፎቶው ላይ ጥግ የሚያቆሙት። ተው እንጂ ባየው፣ ሽማግሌ ነህ፣ የልጅ ነገር። የልጅ ነገር ከሆነስ ለምን ያልብሃል?

ግቡ ግቡ ይላል ፍሥሐ በዳኛ ድምፁ፣ ሁሉም ስንቅ ስንቁን ታቅፎ ወደ ሳሎኗ ይጋፋል፣ ገብረአብ አሹቁን በሱፐርማርኬት ፌስታል፣ አንተ ይኼን እናትህ ቢያዩት! ይለዋል ባየው፣ እና እጁን ጋቢው ውስጥ ይሰዳል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከኮቱ ኪስ፣ ከሱሪው ኪስ።

የለም።

ቆሎው። ሚስቱ ቆልታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ጎረቤላ ቤቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ትናንት በሬው ገመድ በጥሶ ሲሮጥ እሱን ብሎ ሲወጣ፣ አቤት ጉድህ ባየው! ሁለት ወር ሙሉ ስንቁን ሳይዝ የመጣ ደጅ ይቆማል፣ ዳኛም ቢሆን፣ ዶክተርም ቢሆን፣ ስትል ከርመህ! አሁን ባትጠራው ያማል፣ ብትጠራው ደግሞ ምን ሊል ነው፣ ልሽሽ ይሆን፣ ሥጋው ምን ሆነ ብዬ ወደ ጓሮ ልበል፣ እግሩ ግን አልሄድም ይለዋል።

ደመቀች ደብተሯን ገልጣለች። ትጠራለች። ፍሥሐ! ድርቆሽ! ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ገብረአብ! አሹቅ! ማኅደረማርያም! ማኅደረማርያምን ከቀበርናት ሦስት ዓመቷ፣ ግን ማንም ሳያስጀምራቸው በአንድ አፍ ሽምብራ! ይላሉ፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። ትቀጥላለች፣ አንዱን፣ ሌላዋን፣ ባየው በበሩ አሻግሮ ጣቷን ያያል፣ ጣቷ አንድ መስመር ዘለለች፣ አየ፣ ዘለለች፣ ቀዩዋን መስመር። ጨረሰች። ደብተሯ ተዘጋች።

በቃ። ደህና። ሥጋውን ልይ።

ቆይ ወዴት ነው! ደመቀች ናት፣ ደብተሯን ገልብጣ የኋላ ልባሷን ወደ ብርሃን ይዛለች። ከፊት ሰርዤሃለሁ፣ ሕግ ነው፣ አልክድም፣ አንተም እንዳየኸው አውቃለሁ። የሰረዝኩህ ዕለት ግን እዚህ ለብቻህ ጻፍኩህ፣ ምን ብዬ እንደሁ ላንብብላችሁ? ይኼ ሰው ካልመጣ ማንም አይበላም። ባየው!

ሁሉም ወደ በሩ ይዞራሉ። ሃያ ዓይን፣ አርባ ዓይን። ባየው! ምን ይዘህ መጣህ?

እጆቹን ያያቸዋል። ባዶ። የሽማግሌ መዳፍ፣ የገመድ ጠባሳ። ያኔ የሁሉንም ስንቅ ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ዛሬ ደግሞ...

እናንተን! ይላል። እናንተን ነዋ ይዤ የመጣሁት፣ ምን አነሳችሁ!

እንዴት ያለ ጩኸት ነው፣ እልልታ ነው፣ ጣሪያው ይነሳል፣ ፍሥሐ ግን እጁን አንስቶ፣ ክቡራንና ክቡራት፣ ተከሳሹ ባዶ እጁን መምጣቱን በራሱ አንደበት አምኗል፣ ደጅ ይቁም! ይቁም! ይላሉ ሁሉም፣ አይ አንተ ድርቆሽ፣ እጄ ላይ ትወድቃለህ፣ ግን ሕግ ነው፣ ራሱ ሲጮህበት የከረመ ሕግ፣ ይቆማል፣ ጋቢውን አጥብቆ ከደፉ ውጪ፣ ማን አዝኖ እንደሚወጣ እያየ።

ደመቀች ትወጣለች፣ ጋቢህን ዘርጋ፣ ዳቦ ቆሎ ጭብጥ። ፍሥሐ ይወጣል፣ ድርቆሽ ጭብጥ፣ ክራቫቱ ጠማማ። ገብረአብ ከነፌስታሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ለማኅደረማርያም ብላ አንዷ ሽምብራ ይዛ መጥታ ኖሯል፣ እሱንም፣ ጋቢው እንደ ቡላ ጭነት ይከብደዋል፣ ቀና ይላል፣ ሳሎኗ ውስጥ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም ደጅ ናቸው፣ ብርዱ ላይ፣ እሱ ጋ። ግቡ እንጂ፣ ሊላቸው ይፈልጋል፣ አይልም፣ ትንሽ ይቁሙ።