ባለወፎቹ

በሣልስቱ ጧት ወዳጆ የተዋሰውን ጠመንጃ ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ የሟች ወንድሙ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ይኸን ይዘን እንወጣለን» አለ። «የወንድሜ ለቅሶ ባዶውን አይወጣም።»

ጌታነሽ ከመደቡ ቀና አላለችም። መንዝ ውስጥ ወንድ ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል፤ ይኸን የማያውቅ የለም። ሟቹ ባሏ ተገኘ ግን ሞላሌ ገበያ ዳር ራዲዮን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መተኮሱ ቀርቶ ጠመንጃ አንግቶም አያውቅ።

«ጋሼ ወዳጆ፣ እኔ ይዤ የምወጣው የራሱን ዕቃ ነው። ራዲዮኖቹን።»

«ራዲዮን! ሰው ይሳቅብን ነው የምትዪው?» ወዳጆ ወደ ግቢው ዞረ። ተገኘ ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ ብሎ ካቡ ላይ ያሰጣቸው ያለቁ ባትሪዎች እንደተደረደሩ ናቸው። «ይኸንንም ቆሻሻ አንሱት፤ እንግዳ ይመጣል።»

«እንዳይነኩብኝ!» አለች። ድምጿ እሷንም አስደነገጣት።

ተገኘን ስታገባው ቤቱ ውስጥ የጠበቃት ሣጥን የሚያህል የጣውላ ራዲዮን ነበር። ግንባሩ ላይ ክንፏን የዘረጋች ትንሽ ወፍ አለች፤ የፋብሪካው ምልክት ናት። አምፖሎቹ እስኪሞቁ ይጠበቃል፤ የመኪና ባትሪ ካልተገኘም አይናገርም። ከዓመታት በኋላ ያው ፋብሪካ የቆዳ ልብስ ያላትን፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠለዋን አወጣ። ቀጥሎ ካሴት የሚያጫውተው መጣ። ተገኘ «ባለወፎቹ» የሚላቸውን የፋብሪካውን ሰዎች አይቷቸው አያውቅም፤ አገራቸው ወዴት እንደሆነም አያውቅ። አዲስ ሥራቸው እጁ በገባ ቁጥር ግን ብሎኑን ፈትቶ ሆዱን ያይና፣ «ጌትዬ፣ ነይ እዪ! ባለወፎቹ ደግሞ ምን እንዳደረጉ!» ይላል፤ የገዛ ልጆቹ ተመርቀው የመጡ ያህል ደስ ብሎት።

በመጨረሻ ወፏ ሞባይል ላይ መጣች። ራዲዮኑም መብራቱም መዳፍ የማትሞላ ነገር ውስጥ ገባ። ጥገና የሚያመጣ ሰው ጠፋ፤ ጌታነሽ ተናደደች።

«እንጀራህን ዘጉብህ፤ አንተ ታደንቃቸዋለህ!»

«ዘጉብኝ» አለ እየሳቀ። «ግን እስቲ አስቢው፤ ያን ሣጥን ስገዛው ከሰው ጋር ለሁለት ተሸክመን ነው ያመጣነው። ዛሬ ጎረቤታችን አሮጊቷ ከጉያዋ አውጥታ አዲስ አበባ ያለ ልጇን ታናግራለች። ይኸን አይቼ ልከፋ?»

ይኸን ሰው ነው እንግዲህ ወዳጆ በሰው ጠመንጃ ሊያስለቅስለት የፈለገው።

ጌታነሽ ትልቁን ራዲዮን አቅፋ ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣች፤ ሌሎቹን ራዲዮኖች ሴቶች ያዙላት። ወዳጆ ጠመንጃውን ይዞ ከፊት ቀደመ። ሰዉ አንዴ ጠመንጃውን፣ አንዴ ሣጥኑን ያያል። አልቃሿ ብርነሽ ለጀግና ያሰናዳችው ግጥም አፏ ላይ ቀረ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የጌታነሽ ክንድ ዛለ። ለራሷ ሳይሆን ለተገኘ አፈረች፤ እኔ ነኝ ያዋረድሁት አለች በልቧ።

ያኔ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን መቋሚያቸውን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጥተው መጡ።

«አምጪው ልጄ፣ ላግዝሽ» አሉ። «ጦርነቱ አበቃ ሲባል የሰማሁት በዚህ ነው። ልጄ ከግንባር ይመለሳል ብዬ ያመንሁትም በዚህ ነው። ተገኘ ድምፁ እንዳይጠፋብን ቀኑን ሙሉ እጁን ከውስጡ አላወጣም።»

ሣጥኑን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርገው ያዙት። ብርነሽ አየችው፤ ጀግናውን ትታ ስለ ተገኘ ጣቶች ገጠመች። ሜዳው አለቀሰ። ያ የሳለውም ሰው አለቀሰ።

ወዳጆ ጠመንጃውን መቼ ለባለቤቱ እንደመለሰ ያየ የለም። ወደ ማታ ሰዉ ተበትኖ ጌታነሽ ግቢ ስትገባ ካቡ ሥር ቆሞ አገኘችው። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል።

«ጋሼ ወዳጆ?»

«ጤዛ ሲመታቸው ሰነበተ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እሱ ማታ ማታ ያስገባቸው ነበር።»

ጌታነሽ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችው።