አባል ያጣ የክፉዎች ማኅበር

ቃልአብ ክፉዎቹን በጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። ጎሮ ካለው የአክስቱ የአስመረት አፓርታማ ገብቶ ካርቶኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲገለብጠው፣ ከወረቀት የተቆረጡ፣ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ ሃያ ሰዎች ተበተኑ።

ጨዋታውን አስመረት ከስድስት ወር ወዲህ በጆሮዋ ታውቀዋለች። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ከተረት ዓለም አንድ ሰው ይሆናሉ። ቃልአብ ታሪኩን ይመራል፤ በመንገዳቸው የሚያገኙትን ወዳጅም ጠላትም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ያጠራጠረውን ነገር ሃያ ገጽ ያለው ባለቁጥር መጫወቻ፣ ዳይስ፣ ተወርውሮ ይወስናል። የቃልአብ ቤት ለዚህ ሁሉ ወረቀት ስለሚጠብ በየቅዳሜው እሷ ጋ ይሰበሰባሉ፤ እሷም ሻይ አቅርባላቸው ሶፋው ላይ መጽሐፏን ይዛ ትቀመጣለች።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለች ኑራ አንዱን በጥፍሯ አንሥታ። ኑራ መገናኛ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ በጨዋታው ግን ጎራዴኛ ናት።

«የጥቁር ጨረቃ ማኅበር። ከተማዋን በድብቅ ሊያጠፉ የተማማሉ ናቸው።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

«እዚያው ከተማዋ ውስጥ።»

«እና የሚኖሩበትን አጥፍተው የት ሊከራዩ ነው?»

ሃይለኣብ ሻዩ ትን አለው። እሱ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል፣ ቅዳሜን በጉጉት የሚጠብቅ ልጅ ነው። «ኪራይ ስላስመረራቸው ይሆናላ» አለ እየሳለ።

«ቆይ፣ ሲሪየስሊ» አለች ኑራ። «ስብሰባቸው ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ሰው ይሠዋሉ።»

«ማንን?»

ቃልአብ ወረቀቱን ገለጠ። «አንዳንዴ… ከአባላቱ አንዱን።»

«ኧረ በናትህ! ታዲያ ማን ይመዘገባል? ደደብ ካልሆነ በቀር እዚህ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም።»

አስመረት የምታነበው መስመር ጠፋባት።

ባሏ ሐዱሽ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአርባው በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሲመለስ፣ እሷ አሥራ አንድ ረቡዕ ወደ አንድ ቤት ሄዳለች። ይህን ማንም አያውቅም። በተለይ ቃልአብ እንዲያውቅባት አትፈልግም፤ የዚያ ቤት ሴቶች የቃልአብን ምርቃት እንድትተው ጠይቀዋት፣ ለቤተሰቡ ደም ግፊቴ ተነሣ ብላ ቀርታለችና። በማግስቱ ልጁ ጋውኑን እንደ ለበሰ ቤቷ ድረስ መጥቶ አብሯት ፎቶ ተነሥቷል። አስመረት የተማረች ሴት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጥናት መጠይቅ ስታዘጋጅ ኖራለች። እንዴት እንደ ገባችበት ራሷን ስትጠይቅ ግን መልስ አግኝታ አታውቅም። አሁን ያንኑ ጥያቄ ሦስት ልጆች ብስኩት እየበሉ ጠረጴዛዋ ላይ አንሥተውታል።

«ካባቸውን ማን ያጥብላቸዋል?» አለች ከሶፋው።

ሦስቱም ዞሩ።

«ጥቁር ጨርቅ አቧራ አይደብቅም። ስብሰባው ሲያልቅስ ቤቱን ማን ይጠርጋል? የመጀመሪያ ቀን የመጣው ሰው ማንን ተከትሎ መጣ?»

«አክስቴ፣ ጠንቋዮች ናቸው እኮ» አለ ቃልአብ።

«የጠንቋይም ቤት ይቆሽሻል።»

ኑራ ጠረጴዛውን መታችው። «በቃ! እትዬ አስመረት ይሞክሩት። የማኅበሩ መልእክተኛ ይሁኑና እኔን ያስገቡኝ። ከገባሁ የቃልአብን ታሪክ እንቀጥላለን። ካልገባሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሃይለኣብ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ እንዞራለን።»

«እኔ ጨዋታውን አላውቅም።»

«ማወቅ አያስፈልግም፤ ማውራት ነው» አለ ሃይለኣብ። «ብቻ አይፍሩ፣ ኑራ ጎራዴ ብትይዝም አትናከስም።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ነገር ግን ለሦስት ዓመት ውስጧ ሲመላለስ የኖረው ነገር ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት አማራት። መጽሐፏን ዘግታ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች። ቃልአብ ካባ ከደረቡት አንዷን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። አልነካቻትም።

«በሩን አንኳኳሁ» አለች።

«ማነው?» አለች ኑራ ድምፅዋን አጎርንና።

«ጎረቤት ነኝ፣ ከታችኛው መንገድ። ወንድምሽ ማረፉን ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ለቅሶ ባለመድረሴ አፍሬ ነው የመጣሁት።»

ኑራ ወደ ሃይለኣብ አየት አደረገች። «እሺ… ይግቡ።»

«አልቆይም። ስሙ ማን ነበር?»

«የማን?»

«የወንድምሽ።»

ባለፈው ቅዳሜ ዘንዶ ያቃጠለው የጎራዴኛዋ ወንድም ስም አልነበረውም። አሟሟቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ዘንዶው ሀብት አልፈዋል።

«ሰይድ» አለች ኑራ ቆይታ። «ሰይድ ነው ስሙ።»

«ሰይድ ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?»

«ጫማውን መሐል በር ላይ ይጥለዋል። ሁልጊዜ። የማነሣው እኔ ነኝ።» መልሱ ከራሷ ቀድሞ የወጣ ይመስል ኑራ ፈገግ አለች።

«አሁን እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ?»

ኑራ ዞራ የቤቱን በር አየች። ሃይለኣብ ሊቀልድ ከጀለውና ተወው።

«ረቡዕ ረቡዕ ስምንት ሆነን እንገናኛለን» አለች አስመረት በዚያው ድምፅ። «ሁላችንም ሰው የቀበርን ነን። መናገር ግዴታ አይደለም። ሻይ አለ፣ ሕምባሻ አለ። ላንቺም አንድ ወንበር እናስቀምጥልሻለን።»

«ምንድን ነው የምታምኑት?»

«እሱ በኋላ ይደርሳል። ይልቅ መመለሻ እንዳይቸግርሽ፤ አንዳችን በዚህ በኩል ነው መንገዷ፣ ታደርስሻለች።»

«ካልመጣሁስ?»

«ምንም። ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ እኛም እናየዋለን።»

ኑራ ዳይሱን አነሣች። «ቃልአብ፣ ልወርውር? አልታለልም ብዬ?»

«በምን አታለለችሽ?» አለ ቃልአብ እሱም ገርሞት። «እስካሁን አንድም የዋሸችሽ ነገር የለም እኮ።»

ኑራ ዳይሱን በጣቶቿ መሐል ስታገላብጠው ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ውይ፣ ሄጃለሁ በቃ። ረቡዕ ሄጃለሁ። ምን አባቴ ላድርግ?»

ቃልአብ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ገባች! አክስቴ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!»

«ቆይ፣ ብሮ» አለ ሃይለኣብ። «ይሄ እኮ ዕድር ነው። ክፋቱ የታለ? ሕምባሻ በሚያበሉ እናቶች ላይ ጎራዴ ልምዘዝ? መግባቱስ ገባኝ፤ ክፉ መሆናቸው ነው ያልገባኝ።»

ቃልአብ ወደ አክስቱ ዞረ። ዓይኑ ላይ ተስፋም ልመናም ነበረ። «ክፋቱስ ምን ይሆናል?»

«እሱን አንተው ጨርሰው» ልትለው ትችል ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ኑራን አየቻት፤ ልጅቷ አሁንም አልሳቀችም፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። አስመረት ሰው አስገብታ ከኋላው በሩን ቆልፋ የሄደች መሰላት።

«ክፋቱ መጀመሪያ ላይ የለም» አለች። «በስምንተኛው ረቡዕ ያቺ ደግ ሴትዮ አንድ ነገር ትነግርሻለች። ሙታንን የሚያውካቸው የዘመድ ጫጫታ ነው ትልሻለች። ሰይድ ሊያናግርሽ እየሞከረ ነው፣ ቤተሰቦችሽ ግን ይጮኹበታል። ታምኛታለሽ?»

«አላምናትም።»

«አዎ፣ አታምኛትም። ግን አትከራከሪያትም። ሻይሽን በስንት ስኳር እንደምትጠጪ ሳትጠይቅሽ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በዘጠነኛው ረቡዕ ትንሽ ነገር ትለምንሻለች። አንድ ቀን ብቻ። ቤተሰቦችሽ የደስታ ድግስ አላቸው፤ አንቺ ሳትሄጂ በዝምታ ተቀመጪ፣ አመመኝ በይ ትልሻለች።»

«ምን አመመኝ ልበል?» አለች ኑራ። ሥራዋ ነውና በሽታ በደፈናው ሲጠራ አይጥማትም።

ራስ ምታት ማለት ይቻል ነበር። ጉንፋን፣ ወገብ፣ የፈለገችውን። ቃልአብ አጎንብሶ የምትለውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፋል።

«ደም ግፊት» አለች።

እርሳሱ ቆመ።

«ኦኬ፣ ይሄ ክፉ ነው» አለ ምንም ያልጠረጠረው ሃይለኣብ። «በጣም ክፉ ነው። እንዴት ነው ታዲያ የሚወጣው? ትዋጋለች?»

«ውጊያ የለም። በአሥራ አንደኛው ረቡዕ አንዲት አዲስ ሐዘንተኛ መጣች። ሴትዮዋ ስሙ ማን ነበር አለቻት። ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር አለቻት። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ አለቻት። በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ድምፅ። መጠይቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው መጠይቅ ሳዘጋጅ ኖሬ፣ በእኔ ላይ ሲሞላ አላወቅሁም።»

«እኔ» ማለቷን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው። ሃይለኣብ ብስኩቱን ሳይነክሰው ሳሕኑ ላይ መለሰው።

ቃልአብ ቀና አላለም። «ደም ግፊት የለብሽም?»

«የለብኝም።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ከታች መንገድ ላይ ሚኒባስ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ ሲጣራ ተሰማ፤ አለፈ።

«እማዬ እኮ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ላንቺ ለብቻ ጨው የሌለው ወጥ ትሠራለች» አለ ቃልአብ።

«አውቃለሁ።»

«ትበይዋለሽ?»

«እጨርሰዋለሁ።»

ሃይለኣብ ሳያስበው ሳቀ፤ ኑራ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ መታችው። ቃልአብ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል።

«ፎቶው ላይ ደግፌሽ ነበር» አለ። «እንዳትወድቂ ብዬ ክንድሽን ይዤ።»

«ይዘኸኝ ነበር።» ብዙ ማብራሪያ ነበራት፤ ለሦስት ዓመት ስታሰናዳው የኖረችው። አሁን አንዱም አይረባም ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ቃልአብ።»

ቃልአብ የእርሳሱን ጫፍ በጣቱ ሞከረ። «ለእማዬ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።»

«እነግራታለሁ።»

«ነገ።»

«ነገ።»

ኑራ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ለአስመረት ስትደርስ ቆም ብላ «ስንት ስኳር?» ብላ ጠየቀቻት። አስመረት ሁለት አለቻት።

ቃልአብ አዲስ ገጽ ገለጠ። ድምፁ ገና አልተስተካከለም፤ ግን ታሪክ ሲመራ የሚጠቀምበት ድምፅ ነበር።

«ረቡዕ ነው። ጎራዴኛዋ ከቤቱ ፊት ለፊት ደርሳለች።» ከዚያ «ደም ግፊት» ካለች ወዲህ አክስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «በሩ ምን ይመስላል?»

«አረንጓዴ ነው። ተከፍቶ ነው የሚቆየው፤ ማንኳኳት አያስፈልግም።»

ጻፈው። «ከበሩ ቀጥሎስ?»

አስመረት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ቀጥሎ ያለውን ነገረችው።